ፔጆ፣ ባጃጅና ስሙ ያልተጻፈው ባለመኪና

ሐረር፣ ሸዋ በር ላይ ጠዋት ቆሞ ለሚያዳምጥ የሁለት ባዕድ ቤተሰቦች ስም ከሰው አፍ አይጠፋም። «ባጃጅ! እስቲ ወደዚህ ዞር በል!» ትላለች ዘንቢሏን መሬት ያሳረፈች እናት። «ፔጆ የለም እንዴ ዛሬ?» ይላል ሻንጣ የሚጎትት እንግዳ። የፈለጉት መኪና ነው፤ የጠሩት ግን የሰው ስም ነው። ባጃጅ በሕንድ አገር ዋርዳ ከምትባል ከተማ የተነሡ ነጋዴዎች የቤተሰብ ስም ነው። ፔጆ ደግሞ የምሥራቅ ፈረንሳይ ባለ ፋብሪካዎች ስም ነው።

በዚህ ሁሉ ጥሪ መሀል ስሙ የማይነሣ አንድ ሰው አለ። መኪናውን በዕቁብ የገዛው፣ ቦሎ የሚያሳድሰው፣ ጎህ ሳይቀድ ካርቡሬተር የሚያጥበው፣ ከተራ አስከባሪ ጋር የሚጨቃጨቀው ባለመኪና ነው። አዲስ አበባ የከተማ አውቶቡስ አላት፤ አገር አቋራጩን ሰላም ባስና መሰሎቹ ይሠሩታል። የሸዋ በርን ሰው ከነአስቤዛው ቤቱ ደጃፍ የሚያደርሰው ግን ባለ አንድ መኪናው ነው። ስለ ትራንስፖርት ባለሀብት ጻፍ ብባል ከእሱ ሌላ የምጽፍለት አላገኘሁም። ታሪኩ የሚጀምረው ግን መኪና ከመምጣቱ ብዙ ዘመን በፊት፣ ከበሩ ነው።

ሐረርን የከበበው የጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ሲታጠር አምስት በር ተተወለት። ከአምስቱ የሁለቱ ስም መድረሻቸው ነው፤ በኤረር በር የወጣ ወደ ኤረር ሸለቆ ይወርዳል፣ በሸዋ በር የወጣ ፊቱን ወደ ሸዋ ያዞራል። ዛሬ ታክሲ ግንባር ላይ የምትለጠፈው ታፔላም የምትናገረው ይህንኑ ነው፤ ከየት ተነሥተህ የት እንደምትደርስ። የሐረር በሮች የመጀመሪያዎቹ ታፔላዎች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ታፔላ ደግሞ ሰጪና ከልካይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ገብቶ 10 ቀን የቆየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን፣ በሮቹ ማታ ተቆልፈው ቁልፉ አሚሩ ዘንድ እንደሚያድር ጽፏል። የሚያጓጉዘው ሰው ግመል ይኑረው በቅሎ፣ መግቢያ መውጫው በሌላ ሰው እጅ ነበር። ይህን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በግመልና በቅሎ ዘመን ሐረር ካየቻቸው የኮንትራት ጉዞዎች ሁሉ ስለ አንዱ በዝርዝር እናውቃለን፤ ተሳፋሪው ማስታወሻ ይይዝ ነበርና። ቅኔውን በወጣትነቱ ትቶ ሐረር ላይ ቡናና ቆዳ ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ በ1883 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው ራሱ በነደፈው ቃሬዛ ላይ ተኛ። 16 ተሸካሚ ቀጠረና ወደ ዘይላ ወደብ ወረደ። ዝናብ እየመታው፣ ድንኳን የጫኑት ግመሎች እየዘገዩበት፣ 12 ቀን ያህል ፈጀ። ሐረርን ተመልሶ አላያትም፤ በ1884 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ማርሴይ ውስጥ ሞተ። ከተማዋና ባሕሩ ምን ያህል ይራራቁ እንደነበር ከዚህ ጉዞ በላይ የሚነግረን የለም።

ይህን ርቀት ያጠፋል የተባለው ባቡር ነበር። አጤ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ውል ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ መጀመሪያ ሐረር እንዲደርስ ያስባል። ሐረር በራስ መኰንን እጅ ያለች ሀብታም ከተማ ናት፤ ቡናውም ጉምሩኩም እዚያ ነው። ዳሩ ግን ሐዲድ እንደ በቅሎ ዳገት አይወጣም። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ግድም ትገኛለች፤ ከሥሯ ያለው ሜዳ ወደ 1,200 ነው። ያንን ተራራ መቁረጥ ኩባንያውን የሚያከስር ሆኖ ተገኘ። ሐዲዱ ከተራራው ሥር አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ባቡር የደረሰበት ባዶ ሜዳ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ ዛሬ ድሬዳዋ ነው። አዲስ ሐረር ስትቆረቆር አሮጌዋ ሐረር ባቡር የሌላት ሆና ቀረች። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በተራው በቆላው አልፎ ሄደ። ሐረር ሁለት ጊዜ ባቡር አመለጣት ማለት ነው።

ባቡር ያለፋት ከተማ ሹፌር ታበቅላለች። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ነገር ግን ደንገጎ ላይ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። ከዚያ ዓለማያን ያልፋል፤ ሐይቁ ደርቆ የነበረበትን ሥፍራ ያሳይና ጫት ሌሊትና ቀን በሚጫንባት በአወዳይ በኩል ሐረር ይገባል። ባቡር ያወረደውን ሰውና ዕቃ ይህን ዳገት የሚያወጣ ያስፈልግ ነበር። መጀመሪያ በቅሎው፣ ቀጥሎ ጣሊያን ጥሎት የሄደው የጭነት መኪና ወራሽ፣ ከዚያም የፔጆ ባለቤት በየተራቸው ይህን ሥራ ያዙት።

ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1960 ዓለም ያያት፣ ጣሊያናዊው ፒኒንፋሪና የነደፋት መኪና ናት፤ ባለ 1618 ሲሲ ሞተር። ፈረንሳይ ጅቡቲን ይዛ ነበርና መንገዷ የተጠረገ ነበር፤ ወደቡ የእነሱ፣ ባቡሩም የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የጋራ ኩባንያ። በጥንካሬዋ ስም ያወጣችው ግን ከእኛው ደቡብ፣ በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንዛኒያ አቧራ ላይ ነው። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ አሸነፈች። አንድ ነገር ግን ሐረር ላይ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም፤ የፔጆ ቤተሰብ መኪና ከመሥራቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1840 ጀምሮ፣ የቡና መፍጫ ይሠራ ነበር። የቡና መፍጫ ፋብሪካ ልጅ የሐረር ቡና አገር ገብታ ቀረች።

ቀረች ያልኩት በዋዛ አይደለም። ሌላው ዓለም 404ን ሙዚየም ሲያስገባት ሐረር ታክሲ አድርጋ ይዛታለች። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ፣ ስሙ እንደሚለው ድሮ ፈረስ ይሸጥበት በነበረው ቦታ፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ቆመዋል። አንዷ ውስጥ ገብቼ ፊት ተቀመጥኩ። ማርሹ እንደ ዛሬ መኪና ወለል ላይ አይደለም፤ ከመሪው አንገት ነው የሚወጣው። ሹፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ቀኝ እጁ መሪው ሥር ገብታ ትወጣለች። ወለሉ ነፃ ስለሆነ ሹፌሩ አጠገብ ሁለት ሰው፣ ከኋላ አራት ይጫናል፤ ሕፃን ደግሞ አይቆጠርም። የመስኮቱ መክፈቻ አንዲት ብቻ ቀርታለች፤ ሹፌሩ ኪሱ ይዟት ይዞራል። መስኮት መክፈት ለፈለገ ተሳፋሪ ያቀብለዋል፤ ያ ሲጨርስ ለኋለኛው ያሳልፋል፤ ስንወርድ ወደ ኪስ ትመለሳለች። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የፍጥነት ቆጣሪ መርፌ ዜሮ ላይ ተኝቷል፤ መቼ እንደተኛ የሚያስታውስ የለም።

ፔጆ ሐረር የኖረችበት ምሥጢር ግን ከናፍቆት ጋር ግንኙነት የለውም፤ የብረት ጉዳይ ነው። የዚህች መኪና ፒስተኖች የሚመላለሱባቸው ቱቦዎች ከብሎኩ ጋር አንድ ሆነው የተቀረጹ አይደሉም፤ ተነቅለው ይወጣሉ፣ በሌላ ይተካሉ። ስለዚህ ሞተሩ «አለቀ» ሲባል አላለቀም። መካኒኩ ቴስታውን ያወርዳል፣ ያረጀውን ቱቦ ያወጣል፣ ከአንዲት ከቆመች ፔጆ ሆድ የተገኘውን ይተካል። አንዷን አርዶ ሌላዋን ማዳን ይሉታል። ጋራዡ ውስጥ የሚነገረውም የጣሊያን ቃል ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታ፣ ኩሽኔታ። ፈረንሳይ የሠራችው መኪና ጣሊያንኛ እየተናገረ በሐረር ልጅ እጅ ይድናል።

ብረቱ ብቻውን ግን አይበቃም ነበር፤ መንግሥትም ሳያስበው አግዟል። የትራንስፖርት ሰውና መንግሥት በዚህ አገር ብዙ ተፋልመዋል። በየካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የቤንዚን ዋጋ ንሯል ብለው መኪና ያቆሙት ታክሲ ነጂዎች ነበሩ፤ መምህራንም ያን ቀን አድማ ላይ ወጡ። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ የነዳጅ ዋጋ እንዲቀንስ አዘዙ፤ ማዕበሉ ግን አልተመለሰም። አብዮቱን ያመጡት ምሁራን ናቸው ሲባል ስሰማ ያንን የታክሲ ተራ አስታውሳለሁ።

አብዮቱ ግን ለታክሲ ባለቤት አልሳቀለትም። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ትልልቆቹን ድርጅቶች ወረሰ፣ ቀጥሎ የግል ነጋዴ ካፒታል ጣሪያ እንዲኖረው አወጀ። አንድ ፔጆ ያለው ሰው ሁለት፣ ሁለት ያለው አምስት ሆኖ ኩባንያ የሚሆንበት መንገድ ተዘጋ። በዚህ ላይ የሶማሊያ ጦር በ1970 ዓ.ም. ሐረር አፋፍ ድረስ መጣ፤ የባቡሩ መስመርም ተቆረጠ። አዲስ መኪና ከየት ይመጣል? በእጅ ያለውን ማቆየት ነው እንጂ። ሐረርን የፔጆ ከተማ ያደረጋት ፍቅር ነው ለሚሉ ቱሪስቶች ይህን ብነግራቸው ደስ ባለኝ። ፔጆን ያቆያት እጦት ነው፤ ፍቅሩ ቆይቶ የመጣ ነው።

በዚያው ዘመን ሕንድ ውስጥም አንድ የትራንስፖርት ባለሀብት ከመንግሥቱ ጋር እየተናነቀ ነበር። የሸዋ በር ልጆች ቀኑን ሙሉ ስሙን የሚጠሩት ይህ ሰው ራሁል ባጃጅ ነው። አያቱ ጃምናላል ባጃጅ የጋንዲ የቅርብ ሰው ነበር፤ ጋንዲ እንደ አምስተኛ ልጃቸው ያዩት ነበር ይባላል። የልጅ ልጁ ራሁል እ.ኤ.አ. በ1938 ተወልዶ፣ ሃርቫርድ ተምሮ፣ በ1968 በ30 ዓመቱ ባጃጅ አውቶን ተረከበ። የገጠመው ችግር ግን ገዢ ማጣት አልነበረም። በዚያን ጊዜ ሕንድ ውስጥ ፋብሪካ በዓመት ስንት ዕቃ እንደሚያመርት የሚወስነው መንግሥት ነበር። ከተፈቀደልህ በላይ ብታመርት ያስከስስሃል። ሰው ስኩተር ለመግዛት ተመዝግቦ 10 ዓመት ይጠብቅ ነበር፤ ባለፋብሪካው ደግሞ ማምረት እየቻለ ወረቀት ይጠብቃል። ፈቃዱ ሲላላ ኩባንያው ከዓለም ትልልቅ የባለ ሦስት እግር አምራቾች አንዱ ሆነ። ራሁል በ2014 ዓ.ም. የካቲት ላይ በ83 ዓመቱ ሲሞት ሕንድ በክብር ሸኘችው።

ባለ ሦስት እግሩ ራሱ የሕንድ ፈጠራ አይደለም። ፒያጆ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ከጦርነቱ በፊት አውሮፕላን ይሠራ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካው ሲፈርስበትና አውሮፕላን መሥራት ሲከለከል መሐንዲሱን ኮራዲኖ ዳስካኒዮን ለድሃ ሕዝብ የሚሆን ነገር ንደፍ አለው። እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓ ወጣች፣ ተርብ ማለት ነው። በ1948 ባለ ሦስት እግሯ አፔ ተከተለች፣ ንብ ማለት ነው። የባጃጅ ቤተሰብ ከፒያጆ ፈቃድ ገዝቶ ሕንድ ውስጥ መገጣጠም ጀመረ። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ሐረርን በቦምብ ደብድበዋት ነበር። ከስንት ዘመን በኋላ ደግሞ ከአንድ የጣሊያን አውሮፕላን ፋብሪካ ፍርስራሽ የተወለደችው ንብ በሕንድ በኩል ዞራ ሸዋ በር ደረሰች።

ባጃጅ ሐረር ሲገባ የባለመኪናው መልክ ተለወጠ። ፔጆ ያለው ሰው በአብዛኛው ዕድሜው የገፋ፣ መኪናውን ከአባቱ የወረሰ ወይም ወጣት ሳለ የገዛ ነው። ባጃጅ ያለው ሃያዎቹ ውስጥ ነው። ከፊሉ በዕቁብ ደርሶት፣ ከፊሉ ዘመድ ከዓረብ አገር ልኮለት፣ ከፊሉ ደግሞ የሌላ ሰው ባጃጅ ይዞ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ እያስገባ ነው የሚሠራው። ስሌቱ ቀላል ነው። ለባለቤቱ የሚገባው ቁርጥ ነው፤ ነዳጅ ከሹፌሩ፤ የተረፈው የሹፌሩ። ጠዋት የሚሠራው ለባለቤቱ ነው፣ ከሰዓት ለነዳጁ፣ ከመግሪብ ወዲያ ለራሱ። ሹፌሮች ማታ ላይ የሚከንፉት ለዚህ ነው፤ ተሳፋሪው ግን ጥጋብ ይመስለዋል።

ባለ ፔጆውንና ባለ ባጃጁን የሚያጣላቸው ደግሞ ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ ቦታ ነው። ጀጎል ውስጥ መኪና ደህና አድርጎ የሚያልፍበት መንገድ ጥቂት ነው። ዋናው ሐረር በር ከሚባለው በር እስከ ፈረስ መጋላ የሚዘልቀው ነው። ሌላው ሰውና አህያ ትከሻ ለትከሻ የሚተላለፉበት ጠባብ መተላለፊያ ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ከተማዋን ከነ82 መስጊዶቿ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ መንገዶቿ ጠባብ ሆነው እንዲቀሩ ጭምር መፈረሙ ነው። ስለዚህ ታክሲ የሚሠራው በሮቹ ላይ ነው። ማን የት ይቆማል፣ ማን ከማን ቀድሞ ይጭናል፣ የትኛው ማኅበር የትኛውን መስመር ይዟል የሚለው ክርክር ሁሉ የሚመጣው ወደ በር ነው። አሚሩ ቁልፍ ይዘው ያድሩ ነበር ብለናል። ዛሬ ቁልፉ ታፔላ ነው። ታፔላ የሌለው ባለ ባጃጅ መኪና አለው፣ ሥራ ግን የለውም። አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. ባጃጆች በድንገት ከጎዳና ሲታገዱ አገሩ ሁሉ ያየው ይህንኑ ነው፤ አንድ ማስታወቂያ ወጣ፣ የሺዎች እንጀራ ቆመ።

መዲናዋ ሌላ ዓይነት ባለሀብትም አፍርታለች። ሳምራዊት ፍቅሩ ያቋቋመችው ራይድ መኪና አልገዛም፤ 8294 የምትል ቁጥርና አንድ የስልክ መተግበሪያ ይዞ የሰውን መኪና ከሰው አገናኘ። ቁልፉን ከተራ አስከባሪው ወደ ስልክ አዛወረው ማለት ነው። ሸዋ በር ላይ ግን ጥሪው አሁንም በአፍ ነው፣ አንዳንዴም በፉጨት።

የፔጆው ሰው ግን ዛሬ ከባጃጅ የከፋ ነገር ገጥሞታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ቀረጥ ቆለፈው። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ መነሣት ጀመረ። ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ይቀጥላል ቢባልም ለማግኘት መመዝገብ፣ ለመክፈል ቴሌብር ያስፈልግ ነበር። መስኮት መክፈቻ በኪሱ ይዞ የሚዞረው ሰውዬ አሁን ለሞተሩ ቤንዚን ለመግዛት ስልኩ ባትሪ እንዳይጨርስ ይሰጋል። በ2016 ዓ.ም. ጥር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንደማይገባ ለምክር ቤት ተናገሩ። ውሳኔው ለአየሩ መልካም ነው፣ ለውጭ ምንዛሪውም እንዲሁ፤ አልከራከርም። ከውጭ መኪና መግባት በከበደ ቁጥር ግን አሮጌው እየተጠገነ ይኖራል። ስድሳ ዓመት ያስቆጠረው ሞተር በዚህ ሁሉ አዋጅ መሀል እስካሁን አልቆመም፤ ለባለ ፔጆውም ይህ ዘመን የመጀመሪያው የእጦት ዘመን አይደለም።

ማታ፣ መግሪብ ካለፈ በኋላ፣ ሸዋ በር አካባቢ አንዷ ፔጆ እምቢ አለች። ሹፌሩ ደጋግሞ ሞከረ፤ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይሞታል። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ አንድ ነገር በጨርቅ ጠረገ፣ ኮፈኑን ደፈቀው። ሦስት ባጃጆች ጡሩምባ እየነፉ አለፉ። አራተኛው ቆመ። ልጁ ምንም አልተናገረም፤ ባጃጁን ከፔጆዋ ኋላ አስጠግቶ ግራ እግሩን አወጣና መከላከያዋ ላይ አስደገፈ። «አባባ፣ ሁለተኛ አስገባ!» ብሎ ጮኸ። ባጃጁ እያቃሰተ ፔጆዋን ገፋት፣ ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ፍሪሲዮኑ ተለቀቀ፣ ጥቁር ጭስ ትፍ አለችና ተነሣች። ሽማግሌው በመስኮት እጁን አውጥቶ አውለበለበ። ልጁ እግሩን ሰብስቦ፣ ዞሮ፣ «ፈረስ መጋላ፣ አንድ ሰው!» እያለ ወደ ተራው ተመለሰ።